የበሰበሰው ጭቃው አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ክረምት ሳይጨርስ ብዙ ይማራል። በጥር ሲያየው ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ደረቅ፣ ቀለሙ ትኩስ ነበር። ደላላውም ካርታ እንዳለው ደጋግሞ ነግሮታል። ሐምሌ ላይ ግን ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ እርጥበቱ የራሱን ካርታ ይሥላል፤ ልስኑ ያብጣል፤ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ጥቅምት ሲገባ ዝናቡ ቆሞ ብርዱ ይተካል። በግድግዳውና በጣሪያው መጋጠሚያ የሚገባው ንፋስ ሌሊቱን ሙሉ ያፏጫል። ጎረቤትም ዘመድም የሚሰጡት ፍርድ አንድ ነው፦ «የጭቃ ቤት ነው፤ ምን ትጠብቃለህ?»

ይህ ፍርድ በአንድ ቤት ላይ ብቻ ቢሰጥ ባልከፋ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ሰፈሮቹ ላይ ከተነገረው ውስጥ አንዱ ቤቶቹ ያረጁና ለሰው መኖሪያ የማይመጥኑ ናቸው የሚል ነበር። ማርጀታቸው እውነት ነው፤ ብዙዎቹ በእርግጥም ብርድና እርጥበት የተጫወተባቸው ነበሩ። የሚያከራክረው «እዚህ ደረጃ ያደረሳቸው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ጭቃው መልስ አይሆንም።

የከተማዋ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከብርድ ሽሽት ነው። ምኒልክ የሰፈሩበት እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ነው። ለጥበቃ ይመቻል፤ ለመኖሪያ ግን ንፋሱ አያስቀምጥም፤ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. ገደማ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ሲሉት፣ መኳንንቱም ሠራዊቱም ተከትሎ ወረደ። ከተማዋ ከተራራው ንፋስ ብታመልጥም የእንጨቱ ጣጣ ግን አብሯት ወረደ።

የቀድሞው ደገኛ ቤት ሲሠራ ቋሚው ጥድ ወይም ወይራ ነበር። የጥድ ውስጠኛው እንጨት መሬት ውስጥ ተቀብሮ ለረጅም ዘመን አይበሰብስም፤ ምስጥም አይደፍረውም። የእንጦጦና የአካባቢው ጥድ ግን ለቤት፣ ለአጥርና ለማገዶ ተቆርጦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ግንባታ አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያተረፋት በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመት ለአቅመ ማገር፣ ትንሽ ቢቆይ ለአቅመ ቋሚ ይደርሳል፤ ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል።

ውለታው ትልቅ ነው፤ ዕዳም ግን አለበት። እርጥቡ ተቆርጦ ሳይደርቅ መሬት ውስጥ የተተከለ ቀጭን ባሕር ዛፍ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበሰብሳል። ከሥር ውሃ አለ፣ ከላይ አየር አለ፤ ብስባሽ የሚፈልገው እነዚህን ሁለቱን ነው። አናጢዎች ይህን ስለሚያውቁ የቋሚውን እግር በእሳት ይለበልቡታል፣ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀቡታል። ዕድሜ ይጨምርለታል እንጂ ጥድ አያደርገውም። የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት ሲያዘነብል ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው እግሩ በተበላው እንጨት ላይ ነው። ጭቃው ደረቅ እስከሆነ ድረስ የትም አይሄድም።

ጭቃውን እንደ ቀላል ነገር ማየትም ስህተት ነው። ቀይ አፈር ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይብላላል፤ ጭዱ እንዳይሰነጠቅ አፈሩን ያያይዘዋል። ከዚያ በየተራ ይመረጋል፤ አንዱ ምርጊት ሲደርቅ ስንጥቁ በሌላው ይደፈናል። እንዲህ ተሠርቶ የደረቀ ግድግዳ ቀን የወሰደውን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል። ብሎኬት በዚህ አይወዳደረውም።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ቆርቆሮ ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቆርቆሮ ማምጣት ቀለለ፤ የሣር ክዳን ከመሀል ከተማው እየጠፋ ሄደ። ቆርቆሮ እሳትን ይከላከላል፤ በየጊዜው ካልተከደንኩም አይልም። ነገር ግን ሁለት ነገር ይዞ ሄደ። አንደኛው ጭሱ ነው። በሣር ቤት መሀል የሚነደው እሳት ዓይን ቢያቃጥልም እንጨቱን ያደርቅና ከነፍሳት ይጠብቅ ነበር፤ ምድጃው ወደ ማድ ቤት ሲወጣ ያ ጥበቃ ቀረ። ሁለተኛው ክፈፉ ነው። ሣር ከግድግዳው አልፎ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ቆርቆሮ ግን በገንዘብ ይገዛል፤ ስለዚህ ግድግዳው ጫፍ ላይ ያልቃል። ዝናቡ ግድግዳውን ይመታል፤ ከጣሪያው የሚወርደውም መሬት ነጥሮ ቋሚው እግር ላይ ይረጫል። ቀደምት የአዲስ አበባ ባለጸጎች ቤታቸውን በሰፊ በረንዳ የከበቡት ለማማር ብቻ አልነበረም። በረንዳው ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቀው ነበር።

በቆርቆሮውና በግድግዳው መሀል የቀረው ክፍተት ደግሞ የንፋስ በር ሆነ። ድሃው መፍትሔ አላጣም፦ ከላይ የአቡጀዲ ወይም የጆንያ ኮርኒስ ወጠረ፤ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ በሊጥ ለጠፈ። አዲስ ዘመን ዜናውን ከተናገረ በኋላ ብርድ ሲከላከል ኖሯል። ታክሲ ውስጥ «መስኮቱን ዝጋው» እየተባለ የሚጣላው ሕዝብ፣ ቤቱ ሲገባ ከዚሁ ንፋስ ጋር ነበር የሚያድረው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የእንጨትና የውሃ ነገር ነው፤ በጥገና ይመለሳል። የተበላ ቋሚ ይቀየራል፣ የተሰነጠቀ ይመረጋል፣ አሸንዳ ይገጠማል። ጥገናው የቆመው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ በላይ ያለው ቤት ተወረሰ። ኪራዩ ተቀነሰ፤ ቅናሹም ለድሃው በዛ ብሎ ነበር። ወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ለብዙ ተከራይ ቀኑ የነጻነት ቀን ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። በባለቤቱ ፊት አንገቱን ደፍቶ ይኖር የነበረ ሰው ከመባረር ስጋት ዳነ።

ቤቱ ግን ሁለት ጌታ አግኝቶ አሳዳሪ አጣ። ቀበሌው በዚያ ኪራይ ምን ይጠግናል? ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ቆመ፤ ሚስማርና ቆርቆሮ ግን አልቆሙም። በኋላ ዘመን የአንዳንዱ ቀበሌ ቤት የዓመት ኪራይ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ እንኳ የማይሸፍን ሆነ። ተከራዩ በበኩሉ ቋሚ ለመቀየር ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፤ ነገ የእሱ ላልሆነ ቤት ገንዘቡን ማፍሰስም አላሰኘውም። ስለዚህ የሚታየውን ብቻ ጠገነ። ቀለም ቀባ፤ ፕላስቲክ ወጠረ፤ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ጫነ። እንዲህ እየተደረገ ብዙ ክረምት አለፈ።

ገንዘብ የነበረው ደግሞ ሌላ ስህተት ሠራ፦ ጭቃውን በሲሚንቶ ለሰነው። በወንፊት ሽቦ ላይ የተመታ ሲሚንቶ ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ ግን አይተነፍስም። ከሥር የተሳበው ውሃ በምርጊት በኩል ይወጣ የነበረው እዚያው ታስሮ ይቀራል፤ እንጨቱ በቆዳው ሥር ይበሰብሳል። ዛሬ አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ግድግዳውን ከወለሉ አጠገብ በሳንቲም ቢያንኳኳው ባዶ ድምፅ ይሰማል። በዚህ ላይ መንገዱ አስፋልትና ኮብልስቶን በተደረበበት ቁጥር ከፍ ይላል፤ ድሮ ሁለት ደረጃ የሚወጣበት ቤት ዛሬ ሁለት ደረጃ የሚወረድበት ሆኗል። የመንደሩ ጎርፍ ወደየት እንደሚሄድ መገመት አያቅትም።

ከ1997 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ኮንዶሚኒየም ከዚህ ሁሉ ይገላግላል ተብሎ ነበር። በእርግጥ የሚበሰብስ ቋሚ የለውም። ባለዕድሉ ግን ቁልፍ ሲረከብ የተረከበው ያላለቀ ቤት ነው፤ ወለሉንና ቀለሙን ራሱ ይጨርሳል። የላሜራው መስኮት ከግድግዳው ጋር በደንብ ስለማይገጥም ንፋሱ እንደ ጭቃ ቤቱ ያፏጫል። ከላይ ያለው ጎረቤት መታጠቢያ ሲያፈስ የታችኛው ኮርኒስ ይሻግታል፤ ማን ይጠግነው የሚለውም ስብሰባ ጠርቶ ሳይወሰን ይበተናል። የቀበሌው ጥያቄ በሲሚንቶ ተመልሶ መጣ።

እንጦጦ ላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሟል። በጭቃ፣ በድንጋይና በእንጨት የተሠራ፣ ከከተማዋ የባሰ ዝናብና ብርድ የሚወርድበት ቤት ነው። ልዩነቱ ሣሩ ሲያረጅ የሚቀይረው፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ የሚደፍነው ሰው ስላለው ነው። ከተማው መሀል ገና ባልፈረሱት የቀበሌ ቤቶች ግን ሰኔ ሲደርስ ያው ሥራ ይቀጥላል፤ ተከራዩ ወረዳ ሄዶ የዕድሳት ማመልከቻ ያስገባል፣ ከዚያ ባልዲውን ከሚያንጠባጥበው ቦታ ሥር ያስቀምጣል።