አሥራ አንድ ዓመት ከበር የተመለሰው ተመራጭ

ዛሬ የምናቀርብላችሁ የአንድ የምርጫ ወረዳ ታሪክ ነው። የተፈጸመው እዚህ እስራኤል ሳይሆን በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ ነው። ይሁን እንጂ ሃይማኖቱን አልለውጥም ብሎ ብዙ የቀረበት ቤተሰብ ሁሉ ታሪኩን ሲሰማ ባዕድ አይሆንበትም።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስረዳ። እዚህ አገር የክኔሴት ምርጫ ሲደረግ አገሩ በሙሉ እንደ አንድ ወረዳ ይቆጠራል። ከመከለያው ጀርባ ሆናችሁ በፖስታ የምትከቱት ፔቴክ የፓርቲ ፊደል ያለበት ነው እንጂ የአንድ ሰው መምረጫ አይደለም። በቂርያት ሽሞና የተሰጠውም በኤላት የተሰጠውም ድምፅ አንድ ላይ ይደመርና 120ው ወንበር በዚያ ይከፋፈላል። በእንግሊዝ ግን አገሩ በወረዳ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ሰው በስሙ ይመርጣል። በኢትዮጵያም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረው የፓርላማ ምርጫ በየወረዳው ስለነበር ሽማግሌዎቻችን ይህን አሠራር ያስታውሱት ይሆናል።

የለንደን ሲቲ የሚባለው ወረዳ የባንክና የንግድ ሰፈር ነው። በዚያን ጊዜ አራት እንደራሴዎች ይልክ ነበር። በ1847 እ.ኤ.አ. ከተመረጡት አራት ሰዎች አንዱ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ጆን ራስል ነበሩ። በድምፅ ብዛት ሦስተኛ የወጡት ደግሞ ባለባንኩ ላዮኔል ደ ሮትሽልድ የሚባሉ አይሁዳዊ ነበሩ። (በቴል አቪቭ የምታዩት ሮትሽልድ ጎዳና የተሰየመው በእኚህ ሰው ሳይሆን በፈረንሳይ በነበሩት በአጎታቸው ልጅ በባሮን ኤድሞንድ ስም ነው።)

እዚህ ላይ ስለ መራጮቹ ትንሽ እንቆይ። በዚያ ዘመን ሴት አትመርጥም፤ ንብረት የሌለው ድሃም አይመርጥም። የሚመርጠውም ቢሆን በምስጢር አልነበረም። መራጩ ጸሐፊዎቹ ፊት ቀርቦ የሚመርጠውን ሰው ስም በአፉ ይናገራል፤ ስሙና ድምፁም በመዝገብ ይጻፋል። አከራዩ፣ አሠሪው፣ ደንበኛው ሁሉ ማን ማንን እንደመረጠ ማወቅ ይችላል። በምስጢር መምረጥ በሕግ የተፈቀደው በ1872 ነው። ስለዚህ አንድ ክርስቲያን ነጋዴ «ሮትሽልድን እመርጣለሁ» ሲል ጎረቤቱ እየሰማው ነበር። በወረዳው ውስጥ ካሉት መራጮች የሚበዙት ክርስቲያኖች መሆናቸውንም አትርሱ።

ችግሩ የመጣው ከምርጫው በኋላ ነው። ማንኛውም ተመራጭ ወንበሩን ከመያዙ በፊት ቃለ መሐላ ይፈጽም ነበር፤ በመሐላውም ውስጥ «በእውነተኛው የክርስቲያን እምነት» የሚል ሐረግ ነበረበት። እነዚህን ጥቂት ቃላት ያልተናገረ መቀመጥ አይችልም። ሮትሽልድም አልናገርም አሉ።

መግቢያ መንገድ ጠፍቶ አይደለም። ቤንጃሚን ዲዝራኤሊ አይሁዳዊ ሆነው ተወልደው በልጅነታቸው አባታቸው ስላስጠመቋቸው ከ1837 ጀምሮ በዚያው ምክር ቤት ተቀምጠው ነበር፤ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ለእውነት ለመናገር ዲዝራኤሊ የራሳቸው ፓርቲ አብዛኛው ሰው እየተቃወመ ለአይሁዶች መብት ተከራክረዋል። ጥያቄው ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። በአፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ታወጀ ሲባል ከአባቶቻችን ሰምተን የለም? በለንደኑ ጉዳይ የተያዘው ርስት ሳይሆን የምክር ቤት ወንበር ነበር እንጂ ምርጫው ያው ነው፤ ወይ እምነትህን ወይ ድርሻህን።

የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት መሐላው እንዲለወጥ ሕግ አወጣ። የመኳንንቱ ምክር ቤት ውድቅ አደረገው። እንደገና ወጣ፤ እንደገና ወደቀ። በ1849 ሮትሽልድ ከተመራጭነታቸው ለቀው ወረዳው እንደገና እንዲፈርድ ጠየቁ። መራጮቹም ከተፎካካሪያቸው ከእጥፍ በሚበልጥ ድምፅ መልሰው መረጧቸው። በሐምሌ ወር 1850 ወደ ምክር ቤቱ ገብተው በኦሪት ልማል አሉ። ብዙ ክርክር ተደርጎ ተፈቀደላቸው። መሐላውን እየተከተሉ መጥተው ያ ሐረግ ላይ ሲደርሱ ዘለሉት። ውጡ ተባሉ፤ ወጡ።

በዓመቱ ግሪንዊች ከሚባለው ወረዳ የተመረጡት ሌላው አይሁዳዊ ዴቪድ ሳሎሞንስ ግን ጠባያቸው ሌላ ነበር። ሐረጉን ዘልለው ማሉና ገብተው ተቀመጡ፤ ተናገሩ፤ ድምፅም ሰጡ። ከምክር ቤቱ ተወሰዱ፤ ፍርድ ቤትም 500 ፓውንድ መቀጫ ፈረደባቸው። እኔ በበኩሌ እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ።

የሲቲ መራጮች በ1852 ደግመው ሮትሽልድን መረጡ። በ1857 ሁለት ጊዜ መረጡ። ከመጀመሪያው ጋር ሲቆጠር አምስት ጊዜ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ምስጋናውን ሁሉ ለሮትሽልድ ይሰጣል። እርሳቸው ግን ሀብታም ነበሩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ቢጠብቁ ቤታቸው አይራብም። እንደኔ ከሆነ ይበልጥ የሚገርሙት መራጮቹ ናቸው። ሰውየው መቀመጥ እንደማይችል እያወቁ፣ ከአራቱ እንደራሴዎቻቸው አንዱ ድምፅ ሳይሰጥላቸው፣ ስማቸው በመዝገብ እየተጻፈ ያንኑ ሰው ደጋግመው ላኩ። አንድ ወረዳ ሕግ ማውጣት አይችልም። ሕግ አውጪዎቹን እረፍት መንሳት ግን ቻለ።

በመጨረሻ በ1858 መኳንንቱ በግማሽ ልብ ተስማሙ። እያንዳንዱ ምክር ቤት የራሱን መሐላ ራሱ ይወስን ተባለ፤ ይህም የራሳቸውን በር ዘግተው የሌላውን ለመክፈት ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 1858 እ.ኤ.አ. ላዮኔል ደ ሮትሽልድ ራሳቸውን ሸፍነው፣ በኦሪት ላይ ምለው ወንበራቸውን ያዙ።

ዛሬ በክኔሴት አዲስ የተመረጠ ሰው ለእስራኤል መንግሥት ታማኝ ሊሆንና ኃላፊነቱን በቅንነት ሊወጣ ቃል ይገባል፤ ከዚያም «ምትሐዬቭ አኒ» ይላል፤ ግዴታዬ ነው ማለት ነው። አይሁዳዊውም፣ ሙስሊሙም፣ ድሩዙም፣ ክርስቲያኑም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1996 በኢትዮጵያ ተወልደው የመጀመሪያው የክኔሴት አባል የሆኑት አዲሱ መሳላም እንዲሁ ብለው ገብተዋል። የክኔሴት ሕንፃ ራሱ የተሠራው ጄምስ ደ ሮትሽልድ በሰጡት ገንዘብ ነው፤ የባሮን ኤድሞንድ ልጅ ናቸው።

ላዮኔል ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በመሐል አንድ ጊዜ በምርጫ ተሸንፈው ከመቅረታቸው በቀር እስከ 1874 እንደራሴ ሆነው ኖሩ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን በምክር ቤቱ አንድም ንግግር አላደረጉም ይባላል። በ1869 ለመኳንንቱ ምክር ቤት ሲታጩ ንግሥት ቪክቶሪያ እንቢ አሉ። ልጃቸው ናታን ግን በ1885 በዚያው ምክር ቤት ገቡ፤ ከአይሁድ እምነት ሳይወጣ የሎርድነትን ወንበር የያዘ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። በ1917 የእንግሊዝ መንግሥት ለአይሁድ ሕዝብ በምድረ እስራኤል ብሔራዊ ቤት እንዲቋቋም እንደሚደግፍ የገለጸበት የባልፎር ደብዳቤ የተላከው ለናታን ልጅ፣ ለሎርድ ዋልተር ሮትሽልድ ነበር።