"ቡ" እና "ቢ" የተምታቱበት ልጅ

"ቡ"ን ከ"ቢ" የምትለያቸው አንዲት አጭር አግድም መስመር ናት። በ"ቡ" ላይ ከወገብ፣ በ"ቢ" ላይ ከእግር ትወጣለች። ይህችን መስመር የሚያደበዝዝ ዓይን ይዞ የተወለደ ልጅ ሁለቱን ፊደላት ቢያምታታ ምን ይባላል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ "ሰነፍ!"

ሐኪሞች የዚህን ዓይን ችግር አስቲግማቲዝም ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው። የዓይናችን ፊተኛ መስታወት (ኮርኒያ) እንደ ኳስ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲጎብጥ ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። እንደ ማንኪያ ጀርባ በአንድ በኩል ይበልጥ፣ በሌላው ያነሰ ከጎበጠ ግን ብርሃኑ ይበታተናል። ቋሚው መስመር ጥርት ሲል አግድሙ ይደበዝዛል፤ ወይም ተገላቢጦሽ። ችግሩ ሩቁንም ቅርቡንም አይምርም።

ጉዳዩን መጀመሪያ የገለጸው እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1801፣ ያውም በራሱ ዓይን ላይ ተመራምሮ። ዓይኑን ውሃ ውስጥ በማድረግ የኮርኒያውን ሥራ ቢያስቀርም ጉድለቱ አልጠፋም። ስለዚህ የእሱ ችግር ከውስጠኛው ሌንስ የመጣ ነው ብሎ ደመደመ። መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1825 ነው። በኋላ የታወቀ የሥነ ፈለክ ሊቅ የሆነው ጆርጅ ኤሪ የግራ ዓይኑን ጉድለት ለክቶ፣ ኢፕስዊች ለሚገኝ መነጽር ሠሪ የሲሊንደር ቅርጽ ያለው ሌንስ አዘዘ። አየበትም። ስሙን ያወጣለት ዊልያም ሂዌል ነው፤ ከግሪክኛ ቃል ተነስቶ "ነጥብ አልባ" እንደማለት።

ያን ጊዜ እኛ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበርን። መካነ ሰላምን ይዞ ቦረናን፣ አማራ ሳይንትንና ከለላን የሚያካልለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ግን ለንባብ እንግዳ አልነበረም። ጥንታዊቷ ተድባበ ማርያም ያለችው እዚያው ሳይንት ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጠረው በድምፅና በኅብረት ስለሆነ ጆሮ የዓይንን ጉድለት ይሸፍን ነበር። ዘመናዊው ክፍል ሲመጣ ግን ሁሉም ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጣ። ደካማው ዓይን መደበቂያ አጣ።

የደጋው ዓይን ሌላም ጠላት አለበት፤ ማዝ (ትራኮማ)። እ.ኤ.አ. በ2005–2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ልጆች 62.6 በመቶዎቹ ላይ ንቁ ማዝ አግኝቷል። በሽታው ሲመላለስ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ሽፋሽፍቱ ኮርኒያውን ይፍቃል። ብዙዎች ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ኖረዋል፤ ግን መልሶ ይበቅላል። ጠባሳ የያዘ ኮርኒያ ደግሞ ቅጥ ያጣ አስቲግማቲዝም ያመጣል። ይሄኛውን የኤሪ መነጽር አያቃናውም። ስለዚህ ጠዋት የልጅን ፊት ማጠብ ንባቡንም ማዳን ነው።

ከተፈጥሮ የሚመጣው ግን በመነጽር ይቃናል። ያው ጥናት አጥርቶ ማየት ከተሳናቸው ሰዎች 33.4 በመቶ የሚሆኑት ለዚህ የተዳረጉት በመነጽር ሊስተካከል በሚችል የዕይታ ጉድለት እንደሆነ አሳይቷል። አስቲግማቲዝምም አንዱ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ወሳኝ ነው። አንጎል በልጅነት ጥርት ያለ ምስል ካላገኘ ማየትን በወጉ አይማርም፤ ካደገ በኋላ ምርጥ መነጽር ቢገዛለትም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

በእርግጥ ከቦረና ገጠር ተነስቶ ደሴ አጠገብ፣ በዓይን ሕክምና ስሙ እስከሚጠራው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መድረስ ለገበሬ ቀላል ወጪ አይደለም። የመጀመሪያው ምርመራ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። መምህር ሆይ፣ ዓይኑን እያጨናበሰ፣ አንገቱን እያዘነበለ ሰሌዳውን የሚያይ፣ ራሴን አመመኝ የሚል ልጅ ካለህ አንድ ዓይኑን ሸፍነህ አስነብበው፤ ከዚያ ሌላውን። ልዩነት ካየህ ወይም ሁለቱም ካልሆነለት ወላጆቹን ጥራ፤ ወደ ዓይን ባለሙያ ይውሰዱት።

መፍትሔው ከተገኘ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። "ሰነፍ" ከማለታችን በፊት ዓይኑን እንይለት።