ቁም ጽሕፈትና የተድባበ ማርያም የዜማ ምልክት

ከዐባይ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ያሉት የወግዲ፥ የቦረናና የሳይንት ደጋዎች በጥንት ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል ከነበረው አገር የሚቈጠሩ ናቸው። ከወግዲ በስተ ሰሜን፥ በሳይንት፥ ዐፄ ገላውዴዎስ (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ያሠሯት ተድባበ ማርያም ትገኛለች። የቁም ጽሕፈትን ታሪክ የሚመረምር ሰው ይህችን ደብር ዘልሎ ማለፍ አይገባውም።

የግዕዝ ፊደል ከደቡብ ዐረብ ፊደል የወጣ ሲሆን፥ በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዔዛና ዘመን የአናባቢ ቅርጽ ተጨመረለት። እንደ አባ ገሪማ ወንጌል ያሉት ጥንታውያን ብራናዎች ከድንጋይ ጽሕፈት እምብዛም ያልራቀ፥ ማእዘኑ የጐላ ፊደል ይዘዋል። ዐረቡም ሮማዊውም ጸሓፊ ሲቸኩል ፊደልን ከፊደል ያያይዛል፤ የግዕዝ ጸሓፊ ግን እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ስለሚያቆም፥ ሥራንና ብራናን ለመቈጠብ የነበረው መንገድ ፊደሉን ማቅጠንና ማሳነስ ብቻ ነበር።

ከ1529 እስከ 1543 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የኢማም አሕመድ ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ ሊቃውንትም ዐለቁ። በቃል ሲወርድ የኖረው ዜማ የሚጠፋበት ጊዜ ተቃረበ። በትውፊት እንደሚነገረው፥ በዚህ ጊዜ የተድባበ ማርያም ሊቃውንት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው ምልክት ሠሩለት። ይኸውም ድፋት፥ ሂደት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ቍርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክና ደረት ነው፤ ከነዚህም ጋራ የታወቀ የዜማ ሐረግን የሚያስታውስ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ከቃሉ በላይ ይጻፋል።

ጸሓፊው እንግዲህ በአንድ ገጽ ሁለት ጽሕፈት ይጽፍ ጀመር። ለምልክቱ በመስመርና በመስመር መካከል ስፍራ መተው ግድ ሆነበት፤ የዓመቱን ድጓ በአንድ ጥራዝ ለማግባትም ፊደሉን ማርቀቅ ነበረበት። ጀርመናዊው ሊቅ ዚግበርት ኡሊግ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት የረቂቁን ጽሕፈት ዘመን ከ16ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ፥ የጉልሑን ደግሞ ከ17ኛው እኩሌታ ይጀምራሉ። የዘመን መገጣጠም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን ረቂቁን ጽሕፈት የድህነት ወይም የችኰላ ሥራ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው፤ ድጓ ሌላ ጽሕፈት አይችልምና።

በልማዱ የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይገለብጣል። መቃ ቀርጾ፥ ብራናውን በወስፌ አስምሮ፥ በመጀመሪያ ቃሉን ይጽፋል፤ ምልክቱን ከላይ የሚያሳርፈው በኋላ ነው፤ የተሳተው ምልክት በካራ ተፍቆ እንደ ገና ይጻፋል።