በኢትዮጵያ የቀድሞና የአሁን ስደተኞች፦ ኑሯቸውና የኅብረተሰቡ አመለካከት

ኢትዮጵያ ከሌላ አገር ተሰደው የመጡ ሰዎችን በመቀበል ረጅም ታሪክ አላት። በ615 ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በመካ ይደርስባቸው ከነበረው በደል ሸሽተው ወደ አክሱም በመጡ ጊዜ ንጉሡ ጥገኝነት ሰጥቷቸዋል። ይሁን እንጂ በተለያዩ ዘመናት የመጡ ስደተኞች ኑሮና ኅብረተሰቡ ለእነርሱ ያለው አመለካከት አንድ ዓይነት አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቀድሞዎቹ መጤዎች

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ አርመኖች፣ ግሪኮችና የመናውያን በአዲስ አበባ፣ በሐረርና በድሬዳዋ ሰፍረዋል። ቁጥራቸው አነስተኛ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የእጅ ሙያ ወይም የንግድ ልምድ ነበራቸው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1924 ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ በኦቶማን ግዛት ከተፈጸመው ጭፍጨፋ የተረፉ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ አዲስ አበባ አስመጥተዋል። «አርባ ልጆች» በመባል የታወቁት እነዚህ ወጣቶች የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ አባላት ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ያገለገለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሰዋል።

የመናውያን ደግሞ በችርቻሮ ንግድ ተሰማሩ። የአዲስ አበባ ነዋሪ የሰፈሩን ሱቅ «አረብ ቤት» ብሎ እስከ መጥራት ደርሷል። ከአገሬው ሰው ጋር በጋብቻ የተዛመዱም ብዙዎች ናቸው።

ሆኖም መከበር በዜግነት ከመታቀፍ ጋር አንድ አልነበረም። የ1930ው የዜግነት ሕግ ዜግነትን ከወላጅ በሚወረስ ትውልድ ላይ በመመሥረቱ፣ ከውጭ ዜጎች የተወለደ ልጅ እዚሁ ተወልዶ ቢያድግም በዚህ ብቻ ኢትዮጵያዊ አይሆንም ነበር። በ1975 ድርጅቶችና ትርፍ ቤቶች በመንግሥት ሲወረሱ ከእነዚህ ማኅበረሰቦች ብዙዎቹ አገሪቱን ለቀው ወጡ።

የቅርብ ጊዜ ስደተኞች

ከ1980ዎቹ ወዲህ የስደት መልክ ተለውጧል። በ1988 በሶማሊያ ጦርነት ምክንያት የተቋቋመው የሐርትሼክ መጠለያ ጣቢያ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ነበር፤ የተዘጋውም በ2004 ነው። ከታኅሣሥ 2013 በኋላ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሚያዝያ 2023 በኋላም ከሱዳን ብዙ ሕዝብ ድንበር ተሻግሯል። በአሁኑ ወቅት በአገሪቱ የሚኖሩ ስደተኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በጠረፍ አካባቢ በሚገኙ ጣቢያዎች ተጠልለዋል። የቀድሞው ነጋዴ ወይም የእጅ ባለሙያ በከተማ መካከል ሠርቶ ሲያድር፣ የጣቢያ ነዋሪው ግን ለዓመታት በዕርዳታ ስንዴ ላይ ተመሥርቶ ኖሯል።

የአመለካከት ልዩነት ምክንያቶች

በሶማሌ ክልል ስደተኛውና ተቀባዩ በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በጎሳ የተሳሰሩ በመሆናቸው አቀባበሉ በአብዛኛው የዘመድ አቀባበል ነው። በመልካዲዳ አካባቢ የአገሬው አርሶ አደሮችና ስደተኞች በጋራ ማኅበር ተደራጅተው በገናሌ ወንዝ መስኖ ያለማሉ።

በጋምቤላ ሁኔታው ይለያል። በ2007 የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 307 ሺህ ያህል ነበር፤ ከደቡብ ሱዳን የገቡት ስደተኞች ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ደርሰዋል። የማገዶ እንጨት፣ የግጦሽ መሬትና የሥራ ዕድል መጣበብ፣ በተጨማሪም የብሔረሰቦች የቁጥር ሚዛን ይለወጣል የሚለው ስጋት ቅሬታን አስከትሏል። ኑሮው ከስደተኛው እምብዛም የማይሻል ነዋሪ ዕርዳታ በአጠገቡ ሲያልፍ ማየቱም ቅሬታውን ያባብሰዋል። ስለሆነም የአመለካከቱ ምንጭ የስደተኛው ማንነት ብቻ አይደለም፤ የመጣው ሕዝብ ብዛት፣ የሰፈረበት ቦታና ሠርቶ የመኖር ዕድሉም ይወስኑታል።

የሕግ ማዕቀፉ

በ2004 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 409 በሥራና በመኖሪያ ቦታ ምርጫ ላይ ገደብ የሚጥል ነበር። በ2019 የተተካው አዋጅ ቁጥር 1110 በሕግ በተወሰነው መሠረት የመሥራት፣ የመንቀሳቀስ፣ የመማርና የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብትን አካትቷል። አርመናዊው ሙዚቀኛና የመናዊው ባለሱቅ በኅብረተሰቡ ዘንድ ቦታ ያገኙት በሥራቸው እንደነበር ሁሉ፣ የዛሬው ስደተኛም ከተረጂነት ወደ ጎረቤትነት የሚሸጋገረው እነዚህ መብቶች በተግባር ሲውሉ ነው። ለዚህም የተቀባዩ ነዋሪ የውሃ፣ የትምህርትና የጤና አገልግሎት አብሮ መሻሻል ይኖርበታል።