ከፉትስክሬይ ያልተነቀለ ክለብ

በምዕራብ ሜልበርን ዌስተርን ኦቫል ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ነፋሱ ነው። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ነፋሱ ከልካይ የለውም። የአውስትራሊያ እግር ኳስ አራት ሩብ አለው፤ ቡድኖቹም በየሩቡ ጎል ይቀያየራሉ። እንግዳው ቡድን ነፋሱ ፊት ለፊት በመጣበት ሩብ፣ ሞላላዋን ኳስ ባለ በሌለ ኃይሉ ጠልዞ ሰማይ ላይ ስትቆምበት ያያል። ባለሜዳዎቹ ግን ለምደውታል። የክንፍ ተጫዋቹ ዳግ ሃውኪንስማ በአንዱ መስመር ላይ እንዲህ ተካነበትና መስመሩ በስሙ ተጠራ።

የፉትስክሬይ ክለብ እዚህ የከተመው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ሰፈሩ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ነበር፤ ሜዳውም የቅዳሜ መገናኛቸው። ክለቡ በ1925 ወደ ቪክቶሪያ ሊግ ገባ፤ በ1954 ቻርሊ ሰተን በአንድ ጊዜ አምበልም አሠልጣኝም ሆኖ የመጀመሪያውን ዋንጫ አመጣ። ዛሬ ሰፈሩን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ፉትስክሬይ ማለት የእንጀራና የቡና ቤቶች ሰፈር ነው፤ የክለቡ ቤትም ከዚያ ሩቅ አይደለም።

የሜዳው ትልቁ ቀን ግን ጨዋታ ያልነበረበት ቀን ይመስለኛል። በጥቅምት 1989 ሊጉ በዕዳ የተያዘው ክለብ ከፊትዝሮይ ክለብ ጋር እንደሚዋሃድ አስታወቀ። ደጋፊው ይህን ሲሰማ ወደ ሜዳው ጎረፈ። ጠበቃው ፒተር ጎርደንና አንዲት ደጋፊ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሱት፤ ፍርድ ቤቱም ገንዘብ ማሰባሰቢያ ጊዜ ሰጠ። ከዚያ በኋላ የሆነው የሰፈር ሥራ ነው፤ የመዋጮ ጣሳ ይዞ መንገድ ላይ መቆም፣ በር ማንኳኳት፣ ከደመወዝ ላይ መቀነስ። በጥቂት ሳምንታት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ ውህደቱ ቀረ። እነዚያ ሰዎች ያዋጡት ለተጫዋች ዝውውር ሳይሆን ክለባቸው ከሰፈሩ እንዳይወሰድ ነበር፤ በስፖርት ታሪክ ከዚህ የበለጠ የሚያስከብር መዋጮ አላውቅም።

በ1995፣ 321 ጊዜ ለክለቡ የተሰለፈው ቴድ ዊተን በካንሰር አረፈ፤ ሜዳውም ዊተን ኦቫል ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ የወንዶቹ የሊግ ጨዋታ ከዚያ ወጣ፤ የክለቡም ስም ዌስተርን ቡልዶግስ ሆነ። ከ2000 ወዲህ በከተማው በዶክላንድስ ስታዲየም ይጫወታል። ለገቢ ሲባል ውሳኔው ይገባኛል። ለአንድ ትውልድ ግን ከባድ ሐዘን ነበር።

ልምምዱና ጽሕፈት ቤቱ ግን አልተነሱም። በ2016 ክለቡ ከ62 ዓመት በኋላ ሁለተኛ ዋንጫውን ሲያነሳ፣ በማግስቱ ሕዝቡ ዋንጫውን ለመቀበል የተሰበሰበው በዶክላንድስ ሳይሆን በዊተን ኦቫል ነበር። በ2017 የሴቶች ሊግ ሲጀመር ደግሞ የከፍተኛው ሊግ ደረጃ ጨዋታ ወደ ሜዳው ተመለሰ፤ የሴቶቹ ቡድንም በ2018 ዋንጫ ወሰደ።