የማዕድን ጉድጓድ ወፍና የቤት ውስጥ አየር

የተበከለ አየር ከሰው አስቀድሞ ወፍን የመጣሉ ነገር በጥናት ተደግፎ ለሰው ሕይወት ጥበቃ የዋለው በብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ስኮትላንዳዊው የፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የሕያው አካል አሠራር ጥናት ሊቅ ጆን ስኮት ሆልዴን እ.ኤ.አ. በ1896 ባቀረበው ዘገባ፣ በጉድጓድ ፍንዳታ ከሚሞቱት ሠራተኞች አብዛኞቹን የሚገድላቸው የፍንዳታው ኃይል ሳይሆን ከፍንዳታው በኋላ የሚቀረው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ መሆኑን አስረድቶ፣ ሠራተኞች አደጋውን አስቀድመው እንዲያውቁ ትንንሽ እንስሳትን ይዘው እንዲገቡ መከረ። ለዚህ ተግባር የተመረጠችው ካናሪ የተባለችው ትንሽ ዘማሪ ወፍ ስትሆን፣ በኤሌክትሮኒክ መለኪያ እንድትተካ እስከተወሰነበት እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ በብሪታንያ ጉድጓዶች አገልግላለች።

የወፏ ፈጥኖ መጎዳት ምክንያቱ የአተነፋፈሷ ሥርዓት ነው። ወፍ ከሳንባዋ ሌላ የአየር ከረጢቶች ስላሏት፣ አየሩ በሳንባዋ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ እየፈሰሰ ወደ ውስጥ ስትስብም ሆነ ስታስወጣ ኦክስጅን ያቀብላታል፤ ለበረራ የሚያስፈልጋትን ብርታት የሚሰጣት ይኸው ሥርዓት መርዙንም በዚያው ፍጥነት ወደ ደሟ ያደርሰዋል። ሠራተኞቹ ግን ወፏን እንደ ተራ መሣሪያ አልቆጠሯትም፤ ሆልዴን ባስተዋወቀው የወፍ ቤት ላይ የኦክስጅን ሲሊንደር ተገጥሞ፣ ወፏ ከመቆሚያዋ ስትወድቅ በሩ ተዘግቶ ኦክስጅን ይለቀቅላት ስለነበር ነፍስ የምትዘራበት ዕድል ነበራት። እጅግ ሊከበር የሚገባው ይህ ጥንቃቄ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ዘግይቶ ነው።

ለምሳሌ፣ ጀርመናዊው ኬሚስት ክርስቲያን ፍሪድሪሽ ሾንባይን እ.ኤ.አ. በ1840 ይፋ ያደረገው ኦዞን፣ ማለትም ከሦስት የኦክስጅን አተሞች የተሠራው ጋዝ፣ መጥፎ ሽታንና ተሕዋስያንን ያጠፋል በሚል ኋላ በቤት ውስጥ መሣሪያዎች አማካይነት ለገበያ ቀረበ፤ ዳሩ ግን ሽታን የሚያጠፋበት ያው ጠባይ የሳንባን ስስ ሽፋን ይጎዳል። የካሊፎርኒያ ግዛት የቤት አየር ማጥሪያዎች የሚለቁት ኦዞን ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ከ0.050 ክፍል እንዳይበልጥ የደነገገው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ላይ ሲውል፣ መለኪያው የተቀመረው ለሰው ጤንነት እንጂ ለቤት እንስሳት አልነበረም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የአሜሪካ የአቶም ቦምብ ፕሮጀክት ሬዲዮአክቲቭ ብናኝ ለመያዝ የተሠራው ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያ አየሩን ከማሳለፍ በቀር የሚጨምርበት ጋዝ ስለሌለ፣ ከእንስሳ ጋር ለሚኖር ቤተሰብ የሚመረጠው እሱ ነው።

የዕፅዋት ዘይት ወደ አየር የሚረጩ የመዓዛ ማሰራጫዎች ጉዳይ ደግሞ በድመት ላይ ይከብዳል። የድመት ጉበት ፌኖል የተባሉትን፣ በብዙ የዕፅዋት ዘይቶች ውስጥ የሚገኙ ውሕዶች አብላልቶ የሚያስወግደው ኤንዛይም፣ ማለትም የሰውነት ኬሚካላዊ ሂደት አፋጣኝ፣ ስለሚያንሰው፣ ጸጉሯ ላይ ያረፈውን ጠብታ ስትልስ መርዙ በአካሏ ይጠራቀማል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞች ማሰራጫው ድመት በማትደርስበት ክፍል እንዲቀመጥ፣ ወፍ ባለችበት ክፍል ደግሞ መዓዛ የሚረጭም ሆነ ኦዞን የሚያመነጭ መሣሪያ ፈጽሞ እንዳይከፈት ይመክራሉ።