ወንዝን በጎርፉ ቀን መለካት

በነሐሴ ወር በዱብቲ ሳለሁ የእኅቴ ልጅ መጥቶ ምክር ጠየቀኝ። በአሜሪካ የሚኖር ታላቅ ወንድሙ፣ ለእናታቸው ቤት መሥሪያ ያጠራቀመውን ገንዘብ፣ ዋጋው በየሳምንቱ ይወጣል በተባለ የቴክኖሎጂ ኩባንያ አክሲዮን ላይ ሊያውለው አስቦ ነበርና፤ «አጎቴ፣ ምን ይላሉ? ዋጋው ሳያመልጠን ይግዛ?» አለኝ።

መልሱን ከመስጠቴ በፊት ወደ አዋሽ ዳር ይዤው ወጣሁ። ወንዙ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ሞልቶ ይፈስ ነበር። አገሩን የማያውቅ እንግዳ በዚያ ቀን ቢያየው፣ ባሕር ሳይደርስ አይቀርም ብሎ ይፈርዳል። አዋሽ ግን ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ወንዙን የሚያውቅ ሰው በነሐሴም በግንቦትም ያየው ሰው ነው።

ዱብቲ ራስዋ ይህን ትምህርት ቀምሳለች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ኩባንያ ከመንግሥት ጋራ ሆኖ በተንዳሆ ሰፊ የጥጥ እርሻ አቋቋመ፤ እርሻውም በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ። ኋላም በዚያው ምድር 50,000 ሄክታር ሸንኮራ አገዳ ይለማል ተብሎ ታቀደ፤ ፋብሪካውም በ2007 ዓ.ም. ሙከራ ጀመረ። ነገር ግን የለማው መሬትና የወጣው ስኳር ከታቀደው በብዙ አነሰ። ውኃውም መሬቱም እውነተኛ ነበሩ፤ ከልኩ ያለፈው ተስፋው ነበር።

በሩቅ አገርም የሆነው እንዲሁ ነው። ሬዲዮ አዲስ ጥበብ በነበረበት ጊዜ፣ የአሜሪካው የሬዲዮ ኩባንያ አር ሲ ኤ አክሲዮን በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1928 መጀመሪያ ከ100 ዶላር በታች የነበረው በዚያው ዓመት ከ400 በላይ ወጣ። ለተራው ባለአክሲዮን ግን ገና የትርፍ ድርሻ አልከፈለም ነበር። በ1929 አንዱ አክሲዮን ለአምስት ተከፈለ፤ አዲሱም ከ100 ዶላር በላይ ከደረሰ በኋላ በ1932 ከ3 ዶላር በታች ወረደ። ሬዲዮ ዓለምን እንደሚለውጥ የተናገሩት አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት በዋጋው ነው። መልካም ሥራ ሁሉ በማናቸውም ዋጋ ቢገዙት መልካም አይሆንምና።

እንግዲህ ልኩ በምን ይታወቃል? ከቤታችን ምሳሌ ልስጥህ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ነበረ። በዚህ ሒሳብ ድርጅቱ በሙሉ 300 ቢሊዮን ብር ተገመተ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የአንድ በጀት ዓመት የተጣራ ትርፉ 22 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። ትርፉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ቢቀጥል፣ የዋጋውን ያህል ለማትረፍ ወደ 14 ዓመት ይፈጃል። ዋጋው እጥፍ ሆኖ ትርፉ በነበረበት ቢቆም ግን 28 ዓመት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ያደገው ሥራው ሳይሆን የገዢው ተስፋ ነው።

ለሚያድግ ሥራ ብዙ ዓመት ቆጥሮ መክፈል ሁልጊዜ ስሕተት ነው አልልም። ዕድገቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን ተጨማሪ እንደሚገዛና ተወዳዳሪው ማን እንደሆነ መናገር የማይችል ሰው ግን ወንዙን በጎርፉ ቀን የሚለካ ነው።

የእኅቴን ልጅ፣ «የኩባንያው ትርፍ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ አላወቀም። ማታ ወደ ወንድሙ ደውሎ ጠየቀው፤ ወንድሙም ዋጋውን እስከ ሳንቲሙ ነገረው እንጂ ትርፉን አላወቀም። ትርፉን እስኪያውቅ ድረስ የእናታቸው ገንዘብ ባለበት እንዲቆይ ተስማሙ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንተም «ዋጋው ሳያመልጥህ» ሲሉህ፣ አስቀድመህ «ትርፉ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ።